ያልወረደው ጥሩምባ

ክፉ ሰው ለይቶ በማወቅ ሐረግወይንን የሚስተካከል በነቀምቴ ቀርቶ በመላው ወለጋ የለም ይባላል። ይህን አብዝታ የምትለው ራሷ ናት፤ ቢሆንም ምስክር አላጣችም። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው ሱቋ፣ ከዘይት ጀሪካኖቹ በላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን፣ በሳምንት አምስት ቀን ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወደ አማርኛ የተመለሰ የባሕር ማዶ ድራማ ይጀምራል። በዚያ ሰዓት የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ሳሙናም ክብሪትም ያልቅባቸዋል። ሳሙናውን ገዝተው ግን አይሄዱም፤ በስኳር ጆንያና በለስላሳ ሳጥን ላይ ተደላድለው ይቀመጣሉ።

ድራማው ውስጥ ሚርቫ የምትባል ሴት አለች። የሀብታም ወንድሟን ቤት ለመውረስ የማትፈነቅለው ድንጋይ የለም። ሌላው ሁሉ እንዴት ያለች ደግ አክስት ናት ሲል፣ ሐረግወይን ገና በሁለተኛው ክፍል "ይቺ ሴት እሳት ናት" ብላ ፈርዳባታለች። ከዚያ ወዲህ መቶ አርባ ክፍል አልፏል፤ አንድም ቀን አልተሳሳተችም። ሚርቫ ከአልጋዋ ሳትነሳ ሐረግወይን የዛሬ ሥራዋን ትናገራለች። ሚርቫ ሁለት ጓደኛሞችን አጣልታ፣ የተጣሉት ሴቶች በአንድ ግቢ እየኖሩ አንዷ ሌላዋን ምን ሆነሽ ነው ብላ ሳትጠይቅ ሃያ ክፍል ሲያልፍ፣ ሐረግወይን የሚዛኑን ሰሀን እየደበደበች፣ ጠይቂያት እንጂ፣ አፍ የለሽም ወይ እያለች ከቴሌቪዥኑ ጋር ትጣላ ነበር።

ከተመልካቾቹ ሁሉ የማትቀረው ታንጉት ናት። ታንጉት በሰባ ሰባቱ ድርቅ ልጅ ሆና ከወሎ ከወላጆቿ ጋር መጥታ፣ መጀመሪያ በዲጋ በኩል ሰፈራ ላይ፣ ኋላም ከባሏ ከቢረሳው ጋር ነቀምቴ ገብታ የኖረች ሴት ናት። የሐረግወይን አባት ደግሞ ከጉራጌ አገር መጥተው ይችን ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ነበሩ። ሁለቱ ሴቶች ሠላሳ ዓመት ያህል ቡና ተጠራርተዋል፣ አብረው ልጅ ድረዋል፣ ተኮራርፈው ታርቀዋል። ቢረሳው ግማሽ ጎኑ ከድቶት ከተኛ ሁለት ዓመቱ ነው። ታንጉት ከቀኑ ሃያ አራት ሰዓት ለራሷ የምትሰርቃት ያችን የዘጠኝ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ብቻ ናት። በሩ አጠገብ ያለው ጆንያ የእሷ ነው፤ ሌላ ሰው አይቀመጥበትም።

የሰፈሩ እድር አንድ ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውም፣ ጸሎት ቤት የሚዘምረውም፣ መስጊድ የሚሰግደውም ሲሞት በአንድ ድንኳን ይለቀስለታል። ሰው ሲያርፍ ጥሩምባ ነፊው እስራኤል ማለዳ ሰፈሩን ሁሉ እየዞረ የሟቹን ስም ይጠራል። ከቀብር በፊት ድንኳኑ ውስጥ ስም ጥሪ ይደረጋል፤ አቤት ያለ ተገኝቷል፣ ዝም ያለ ቀርቷል። ሦስት ቀብር በተከታታይ የቀረ ይሰረዛል ይላል ደንቡ። ሲሰረዝ የታየ ሰው ግን የለም፤ ሦስት ጊዜ የቀረ ሰው ስላልነበረ።

ይህን እድር አሥራ ሁለት ዓመት የመሩት አቶ ገብረኪዳን ናቸው፤ የመጋዘን ኃላፊ ሆነው ሠርተው በጡረታ የተገለሉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሰው። በሰኔው ስብሰባ ላይ ታንጉት ድንገት ተነስታ፣ እንዲያው አቶ ገብረኪዳንም ደክመዋል፣ ኸእንግዲህ መምህር ኦብሳ ይሞክረው አለች። መምህር ኦብሳ ከታንጉት ጎረቤት የሚኖር የሒሳብ አስተማሪ ነው። ሰው ሳቀ፣ ከዚያ አጨበጨበ። ምርጫውም ለነሐሴ መጨረሻ ተቀጠረ። ያን ቀን ከሁሉ አስበልጠው ያጨበጨቡት አቶ ገብረኪዳን ራሳቸው ነበሩ። ሐረግወይን ይህን ብቻ ብታስተውል ኖሮ ወሬያችን እዚህ ላይ ባለቀ።

በአሥረኛው ቀን አቶ ገብረኪዳን ወደ ሱቋ ጎራ አሉ። አንድ መርፌ ገዙ። ጨጓራዋ እንዴት እንደሆነ ጠየቁ። ከዚያ ስለ ሚርቫ አነሱ። ባለቤታቸው ሐረግወይን የተነበየችውን ሁሉ ማታ ማታ እንደምትነግራቸው፣ እንዲህ ሰው የሚያነብ ዓይን በእድሩ አመራር ውስጥ ቢኖር ስንት ነገር ይቃና እንደነበር እያዘኑ ተናገሩ። ሐረግወይን ለስላሳ ከፈተችላቸው።

ሚርቫ ተንኮል ልታስብ ስትል ሙዚቃው ይወፍራል፣ ቅንድቧ ወደ ላይ ይወጣል፣ ካሜራው ዓይኗ ድረስ ይጠጋል። አቶ ገብረኪዳን ሲያወሩ ግን የሚሰማው በቆርቆሮው ላይ የሚወርደው የሐምሌ ዝናብ ብቻ ነበር። ቅንድባቸውም አልተነቃነቀም። የሰው ልጅ በዚህ በኩል ተበድሏል፤ ሙዚቃ ሳይሰማ ጠላቱን እንዲለይ ይጠበቅበታል።

"አንድ ነገር ልቤን በልቶኛል ሐረግዬ" አሉ ጠርሙሱን እያሻሹ። "የታች ሰፈር ሰዎች ከእኛ ጋር መቅበር የሰለቻቸው ይመስለኛል። እሱስ ግድ የለም። ያሳዘነኝ ሌላ ነው።"

ሌላው ምን እንደሆነ ጠየቀች።

"ይቅር። አንቺንም ታንጉትንም ስለምወዳችሁ ይቅር።"

ለሐረግወይን ይቅር ማለት በራበው ሰው ፊት ድስት እንደመክደን ነው። አጥብቃ ለመነቻቸው፤ እሳቸውም እንደማይፈልጉ ሆነው ተናገሩ። ታንጉት በሰው ፊት፣ ሐረግወይን እኛን ሰብስባ የምታስቀምጠን ሳሙናዋን ለመሸጥ ነው ብላለች አሉ። ነገሩ ያንገበገባት ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። አቶ ገብረኪዳን ቀጥለው፣ ብትጠይቃት እሳቸው እንደነገሯት ስለሚታወቅ ሰው እንደሚጣላ፣ ስለዚህ ዝም ብትል እንደ አባት ቀስ አድርገው እንደሚያስታርቁ ቃል ገቡ። "ወደፊት ደግሞ አልሰማንም፣ አልተጠራንም ማለት ይጀምራሉ። ያን ጊዜ ገብረኪዳን ብሎኝ ነበር ትያለሽ" አሉና ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። መርፌያቸውን ረስተው ሄዱ።

እንግዲህ ታች ሰፈር የሚባል ነገር እስከዚያች ቀን አልነበረም። በሰፈሩ መሀል የጎርፍ ቦይ ያልፋል፣ በቦዩ ላይ ሦስት ግንድ ተጋድሟል፣ ሰው ከወዲህም ከወዲያም ይኖራል፤ ሱቁ ከወዲህ፣ የታንጉትና የመምህር ኦብሳ ቤት ከወዲያ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ሐረግወይን ግን ቃሉን ስትሰማ ድሮም የምታውቀው መሰላት። እንዲያውም የታች ሰፈር ሰዎች ድሮም ትንሽ እንደዚያ እንደነበሩ ትዝ አላት።

ምስጢሩን ለማንም አልተናገረችም፤ ለቀለሟ ብቻ ነገረቻት። ቀለሟ ድልድዩ አፍ ላይ ጸጉር ቤት ያላት፣ ከመቀሷ ይልቅ ምላሷ የሚፈጥን ወጣት ሴት ናት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በሳምንቱ፣ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር እንደ ሁለት ወረዳ በሰው አፍ ተካለሉ። ልጆች እንኳ ኳስ ሲጫወቱ በዚያው ይከፋፈሉ ጀመር።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ወይዘሮ የሺአረግ ዐረፉ። በድንኳኑ ስም ሲጠራ ከቦዩ ማዶ አቤት ያለ ሰው አልነበረም። የታንጉት ስም ሁለት ጊዜ ተጠራ። ሐረግወይን ያን ዝምታ ስትሰማ ፊቷ በሰው ፊት የተመታች ያህል ነደደ። አቶ ገብረኪዳን መዝገቡን ከድነው፣ ምክንያት ይኖራቸዋል፣ አንፍረድባቸው አሉ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው በዚያው ቅጽበት ፈረደባቸው።

ታንጉት በማግስቱ በሰዓቷ መጥታ ጆንያዋ ላይ ተቀመጠች። የየሺአረግን ሞት የሰማችው ከቀብር መልስ እንደሆነ፣ አንድም ሰው እንዳልጠራቸው እያዘነች ተናገረች። አልሰማንም፣ አልተጠራንም። ሐረግወይን ልቧ ድንጋይ ሆነ። የተነገራት ትንቢት በዓይኗ ፊት ሲፈጸም ያየች መሰላትና፣ እግዜር ያውቃል ብላ ፊቷን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረች። ታንጉት ጥቂት አየቻት። ከዚያ ሚርቫ እንኳ ሳትገባ ተነስታ ሄደች። ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሳ መጥታ ነበር፤ ጆንያዋ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣ ስታገኝ ክብሪት ገዝታ ሄደች። ከዚያ በኋላ አልመጣችም።

በነሐሴ ሁለት ቀብር ተከታትሎ ሆነ። ከማዶ የመጣ የለም። እዚህ ላይ ሐረግወይንን ካላማናት አንተዋወቅም፦ ሴትዮዋ ስድስት ሳምንት ሙሉ ጓደኛዋን አንዲት ቃል አልጠየቀችም። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን የድራማውን ሴቶች፣ አፍ የላችሁም ወይ እያለች ትሰድብ ነበር።

ከምርጫው በፊት ባለው ሳምንት አቶ ገብረኪዳን በሐዘን ድምፅ ማስታወቂያ አስነገሩ። እሑድ ስብሰባ ላይ ሦስት ጊዜ የቀሩት ሃያ ሁለት አባወራዎች ስማቸው ይነበባል። ሆኖም ጨካኝ አይደሉምና፣ የይቅርታ ደብዳቤ የፈረመ ወደ እድሩ ይመለሳል፤ ለዘንድሮው ምርጫ ብቻ ድምፅ አይሰጥም፣ አይመረጥምም። ሰው ሁሉ ምን ዓይነት ደግ ሰው ናቸው አለ። በዚያው ሳምንት ደግሞ ሆስፒታል ገብቶ የነበረውን ቢረሳውን ሐኪሞቹ ወደ ቤቱ ውሰዱት ማለታቸው ተሰማ። እንዲህ ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ የማያውቅ የለም። ሐረግወይን ቢረሳው ያለ እድር፣ ያለ ድንኳን፣ አፈር የሚያለብሰው ሰው ተለምኖ ሲቀበር ታያት። ታንጉት ግን ይቅርታ አልፈርምም ብላለች አሉ። ያላጠፋሁትን ምን ብዬ ነው የምፈርመው ብላ።

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሱቁ ጢም ብሏል። ሚርቫ በቤቱ ትልቅ ግብዣ ደግሳለች። የወንድሟ ሚስት ወንበር ባዶ ነው።

"አሁን ታለቅሳለች" አለች ሐረግወይን ሩዝ እየመዘነች። "ምስኪኗን ሴትዮ እንዳትመጣ ያደረገቻት ራሷ ናት። የጥሪው ወረቀት አልደረሳትማ። ያልጠራቻትን ሴት ለምን ቀረች ብላ ታለቅሳለች፣ የተቀመጠው ሁሉ ከሚርቫ ጋር ያለቅሳል።"

እውነትም ሚርቫ አለቀሰች። ሴቶቹ ሐረግወይንን አደነቁ። ቀለሟ ብቻ ጥፍሯን እየሞረደች እንደቀልድ ተናገረች።

"እንደኛ እስራኤል ነዋ። እሱም ስንት ጊዜው ከኔ በር ላይ ሲመለስ።"

ሐረግወይን ከየት ነው የሚመለሰው ብላ ጠየቀች።

"ከድልድዩ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ጥሩምባውን ይዞ እኔ በር ድረስ ይመጣና አንዴ ነፍቶ ይመለሳል። ማዶ አይሻገርም፤ በዝናቡና በጎርፉ ጩኸት እዚያ ማን ይሰማዋል። የምታውቁ መስሎኝ ነበር እኮ።"

የሚዛኑ ሰሀን ተንጋደደና ሩዙ ተደፋ። ማንም አላነሳውም። ቴሌቪዥኑ ውስጥ የሚርቫ ሠራተኛ የጥሪውን ወረቀት ደረቷ ውስጥ ደብቃ ከግድግዳው ጥግ ቆማለች። መቶ አርባ ክፍል ሙሉ ያልቆመችበት ጥግ፣ ያላደረሰችው ወሬ የለም፤ እመቤቷ ስለምታመሰግናት ብቻ ደስ ይላታል። ሐረግወይን ይህችን ሴት ልብ ብላ አይታት አታውቅም። ስሟን ለማስታወስ ሞከረች። ሴቶቹን ጠየቀች። እነሱም አያውቁትም። ስም የላትም መሰለኝ አለች ቀለሟ።

ሐረግወይን ሱቁን ከአባቷ ከተረከበች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ድራማው ሳያልቅ ቴሌቪዥኑን አጠፋች።

እስራኤልን መናኸሪያው በር ላይ፣ ሙዝ ከሚሸጡት ሴቶች አጠገብ አገኘችው። አካም ጅርታ፣ እንዴት ነህ፣ እንኳ ሳትለው ነበር የያዘችው። እሱም ምንም አልደበቃትም፤ የሚደብቀው ነገር እንዳለ አያውቅማ። ጋሽ ገብረኪዳን የጉልበቱን ሕመም አስበውለት ነው። በዚህ ጭቃ በዚያ ግንድ ላይ ወድቀህ ብትሰበር ማን ይጦርሃል፣ ማዶ ላሉት እኔ ራሴ ስልክ እደውልላቸዋለሁ ብለውታል። ካልሲም ገዝተውለታል። ሱሪውን ሰብስቦ ካልሲውን አሳያት። ሐረግወይን ካልሲውን አይታ ለስላሳዋን አስታወሰች፤ እሷ ደግሞ ጭራሽ ከራሷ ኪስ ነው የጋበዘችው።

ከዚያ ቦዩን ተሻገረች። ግንዱ ስለሚያዳልጥ ጫማዋን አውልቃ ነው የተሻገረችው። ታንጉት በረንዳ ላይ እንደ ድንች የሚቀቀል አንጮቴ እየላጠች ነበር። ቀና ብላ አየቻትና ቢላዋውን አላስቀመጠችም። ከውስጥ የቢረሳው ትንፋሽ እንደ መጋዝ ይሰማል።

ሐረግወይን ቆማ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረቻት። ታንጉት እየላጠች ሰማቻት። ለእሷም አቶ ገብረኪዳን እየመጡ፣ ሐረግወይን ተቀይማሻለች፣ አሁን እንዳትሄጂባት፣ እኔ አበርዳታለሁ እያሉ ሲያጽናኗት ከርመዋል። ጥሩምባው አልመጣም ብላ ስትነግራቸውም በጸጥታ አጣራለሁ፣ ለፍቅር ስንል አናጩኸው ብለዋታል። ስለ ሳሙናው ነገር ስትሰማ ግን ቢላዋዋ ቆመ።

"እሱንስ ብዬዋለሁ" አለች። "ላንቺው ነው ያልሁት፣ ፊት ለፊትሽ፣ አምና። አብረን ስቀናል እኮ።"

እውነት ነው፤ ስቀው ነበር። ሐረግወይን ያን ሳቅ ረስታው ነበር።

ሐረግወይን በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና እቅዷን ዘረጋች። ለዚህ ሰውዬ መድኃኒቱን ታውቃለች፤ መቶ አርባ ክፍል በከንቱ አልተማረችም። ለቀለሟ አንድ ነገር ጣል ብታደርግ፣ አቶ ገብረኪዳን ከድንኳኑ ኪራይ በልተዋል ቢባል፣ እሑድ ሳይደርስ ሰውዬው አለቀላቸው።

"በልተዋል ወይ?" አለች ታንጉት።

ሐረግወይን አላውቅም አለች።

"እንግዲያው ኸዚህ ቤት እንዲህ ያለ ወሬ አይወጣም። ስሚኝ ሐረጌ። የሱን ኃጢአት እሱ ያውቃል። አንቺ ያንቺን ነው የምትናገሪው።" ቢላዋውን አስቀመጠች። "በዚህ ዓለም ስንት ሰው አለኝ ብለሽ ነው? ሰው ሁሉ ምን እንደሚሠራ አስቀድመሽ የምታውቂ ሴት፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ እኔን አንዲት ነገር መጠየቅ አቃተሽ?"

ሐረግወይን ከበረንዳው ጠርዝ ተነሳች። አልቅሳ ተመለሰች። ጫማዋንም እዚያው ረስታ በባዶ እግሯ ሱቋ ገባች።

እሑድ የእድሩ አዳራሽ ሞላ። የማዶ ሰዎች በሩ አጠገብ ቆመዋል፤ መምህር ኦብሳም ታንጉትም አሉበት። አቶ ገብረኪዳን መነጽራቸውን ጠርገው ስም ማንበብ ጀመሩ። ሦስተኛው ስም ላይ ድምፃቸው ተቆራረጠ። አንዳንድ ሴቶችም ዓይናቸውን ጠረጉ። ሐረግወይን ተነሳች።

በሰው ፊት ጠቢብ ሆና መታየት ለሐረግወይን ከእንጀራ የሚበልጥ ነገር ነው፤ የምትጥለውም እሱኑ ነበር። አቶ ገብረኪዳንን በአንድ ቃል አልነካቻቸውም።

"እኔ ነኝ ያወራሁት" አለች። "ታች ሰፈር ከእኛ ጋር መቅበር ሰልችቷቸዋል ብዬ ለቀለሟ ነገርኳት፣ ሐምሌ ሁለት ቀን። ሰምቼ እንጂ አይቼ አይደለም። አልጠየቅሁም። ጥሩምባው ድልድዩን ተሻግሮ እንደማያውቅ የሰማሁት ረቡዕ ነው። እነዚህ ሰዎች አልቀሩም፣ አልተጠሩም። እኔ ተሞኘሁ፣ ተሞኝቼም እናንተን አሞኘሁ። እንግዲህ እወቁኝ።"

ከዚያ ቀለሟ ብድግ ብላ፣ እኔም ጸጉር ስሠራ ለስምንት ሴቶች ተናግሬያለሁ፣ ከፈለጋችሁ በስም እጠራቸዋለሁ አለች። መጠራት ያልፈለጉት ስምንቱም በየተራ ተነሱ። ሰው በኀፍረት ይስቅ ጀመር። መጨረሻ ላይ እስራኤል ከግድግዳው ጥግ፣ እኔም ተመልሻለሁ፣ ግን ስልክ ይደወላል ተብዬ ነው አለ። ማን ይደውላል ያለ የለም። ሁሉም ቀስ ብሎ ወደ መድረኩ ዞረ።

አቶ ገብረኪዳን መዝገቡን ዘጉ። ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

"አሥራ ሁለት ዓመት አገለገልኩ" አሉ፤ እንባቸው እውነተኛ ነበር። "ከዛሬ ጀምሮ ለቅቄያለሁ። ሌላ ፈልጉ።"

በዚህ አገር ሽማግሌ ሰው ለቅቄያለሁ ሲል መልሱ አንድ ነው። ይለመናል። ተነስቶ፣ ኧረ በእግዚአብሔር፣ ያለ እርስዎ ምን እንሆናለን ይባላል፤ እሱም ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ በሦስተኛው ይቀመጣል። አቶ ገብረኪዳን በአሥራ ሁለት ዓመት ሦስት ጊዜ ለቅቀዋል፣ ሦስት ጊዜም ተለምነው ቆይተዋል። በየጊዜው ልመናውን የሚጀምሩት የዕድሜ ባለጸጋው ኦቦ ጨመዳ ናቸው። ሰው ሁሉ ከለመደው የተነሳ ከወንበሩ መነሳት ጀመረ። ሐረግወይን ራሷ፣ ያን ሁሉ ተናግራ፣ ግማሽ መንገድ ተነስታ ነበር፤ ጉልበቷ ሳይጠይቃት ነው የተነሳው። የወንበሯን ጀርባ ይዛ ተመልሳ ተቀመጠች።

ኦቦ ጨመዳ በዘንጋቸው ተደግፈው ቆሙ። ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ኦቦ ገብረኪዳን፣ ገለቶማ፣ እናመሰግናለን" አሉ። "ብዙ ደክመውልናል። ይረፉ።"

ተቀመጡም። አቶ ገብረኪዳን ቁልፉን ያዩታል፣ ሕዝቡ እሳቸውን ያያል። በመጨረሻ አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ፣ ሌላውም ተከተለ፣ በታላቅ ክብር እያጨበጨቡ ሸኟቸው። ሃያ ሁለቱ ስሞች ሳይሰረዙ ቀሩ። መምህር ኦብሳ ተመረጠ፤ የሒሳብ አስተማሪ ነውና የመጀመሪያ ንግግሩ ደንቡ ለማንም ሳይዛነፍ ይሠራል የሚል ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ሐረግወይን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የሱቁን ቁልፍ ለቀለሟ ሰጥታ ቦዩን ትሻገራለች። ታንጉት ይቅር ብዬሻለሁ አላለቻትም። ነይ ግቢ ብቻ አለቻት። ሐረግወይን ቢረሳውን በማገላበጥ ታግዛታለች፣ አንሶላ ታጥባለች፣ ታንጉት ጋደም ስትል አጠገቧ ቁጭ ትላለች። የምታወራው ጥቂት ነው፤ ለእሷ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ድራማው እንዴት እንዳለቀ አታውቅም፤ ቀለሟ ልትነግራት ስትሞክር፣ ሌላ ጊዜ ትላታለች።

ቢረሳው ያረፈው መስከረም በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ንጋት ላይ ነው። ሐረግወይን ከዋዜማው ጀምራ እዚያው ነበረች፤ ዓይኑንም የከደነችው እሷ ናት። እስራኤል ግንዱን በጥንቃቄ ተሻግሮ፣ በየቤቱ በር ቆሞ ነፋ። ከወዲህም ከወዲያም ሰው ጎረፈ፣ ድንኳኑ ሳይበቃ ቀርቶ ከዝናቡ ጋር እየተጋፉ ቆሙ። መምህር ኦብሳ መዝገቡን ዘርግቶ ስም መጥራት ጀመረ።

ሐረግወይን ያን ጊዜ ጓዳ ውስጥ ነበረች። በሩ ተዘግቷል። ታንጉት ድንገት እጇን ያዘቻት፤ አጥብቃ፣ እንደ ልጅ። ቀለሟ በሩን ገፋ አድርጋ እያለከለከች ገባች። ስምሽ ሁለት ጊዜ ተጠርቷል፣ ውጪና አቤት በይ፣ መምህሩ ቀርታለች ብሎ ሊጽፍብሽ ነው አለቻት።

ሐረግወይን የተያዘ እጇን አየች።

"ይጻፍ" አለች።